ከአቀባበሉ ማግስት፦ የገርትሩድ ኤደርሌ ሕይወትና ፊልሙ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ዋናተኛና ሕይወቷን መነሻ አድርጎ ስለተሠራ ፊልም ነው። ዋናተኛዋ ገርትሩድ ኤደርሌ ትባላለች። የቅርብ ሰዎቿ ትሩዲ ይሏት ነበር፤ እኔም ዛሬ ትሩዲ እላታለሁ። ፊልሙ በ2024 የወጣው «ወጣቷ ሴትና ባሕሩ» ነው። ያቀረበው ዲዝኒ፣ ያዘጋጀው ኖርዌያዊው ዮአኪም ሮኒንግ ሲሆን ትሩዲን ሆና የምትተውነው እንግሊዛዊቷ ዴዚ ሪድሊ ናት። ታሪኩ የተወሰደው ግሌን ስታውት በ2009 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የቀኑን ሰዓት ግን በእኛው እቆጥራለሁ።

ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድታዩትም እመክራለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን ፊልሙ ካቆመበት አልፎ ይሄዳል። ትሩዲ ፈረንሳይን ከእንግሊዝ የሚለየውን ባሕር ዋኝታ ያቋረጠችው በ14 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የኖረችው ደግሞ 77 ዓመት ነው። ፊልሙ ሰዓቶቹን ይተርካል። እኔ ዓመታቱንም ልጨምርበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህች ሴት ትልቅነት በሙሉ የሚታየው ሁለቱ አንድ ላይ ሲነገሩ ነው።

አስቀድመን ባሕሩን እንወቀው። የእንግሊዝ ቻናል እጅግ በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውሃው ቀጥ ብሎ የሚያሳልፍ ውሃ አይደለም። በየስድስት ሰዓቱ ግድም አቅጣጫ እየቀየረ፣ አንዴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንዴ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈሳል። ዋናተኛ ወደ ፊት ሲቀዝፍ ውሃው ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ስለዚህ የሚዋኘው መንገድ ይጣመማል፣ ይረዝማል። ትሩዲ በዚያ ቀን ወደ 56 ኪሎ ሜትር እንደዋኘች ይነገራል። ቅዝቃዜውም አለ። በነሐሴ ወር እንኳ የውሃው ሙቀት 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

ይህን ባሕር ከመካከላችን በሌላ ምክንያት የሚያውቀው ብዙ ነው። ትሩዲ ወደ ውሃ የገባችበት ካፕ ግሪ ኔ የተባለው የፈረንሳይ ዳርቻ ከካሌ ከተማ ብዙም አይርቅም። ካሌ ሲባል ልቡ የማይደነግጥ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። በኅዳር 2021 ስደተኞችን የጫነች አንዲት የፕላስቲክ ጀልባ እዚያው ባሕር ላይ ሰጥማ ቢያንስ 27 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ይህን ያነሣሁት ሁለቱን ለማወዳደር አይደለም። ትሩዲ በፈቃዷ፣ ጀልባ እየተከተላት ነው የገባችው። ያነሣሁት ያ ውሃ ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ እንዳንረሳ ነው።

ትሩዲ በጥቅምት 1905 ኒው ዮርክ ውስጥ ከጀርመን ስደተኞች ተወለደች። አባቷ ማንሃተን ውስጥ ሥጋ ቤት ነበረው። ስድስት ልጆች ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ያዛት፤ በሽታው ለቀቃት እንጂ ጆሮዋን ጎድቶት ሄደ። ሐኪሞች ዋና ጆሮዋን ይበልጥ እንደሚጎዳው ነገሯት። እሷ ግን ውሃውን አልተወችም። በኒው ጀርሲ ሃይላንድስ በምትባል የክረምት ማረፊያ አባቷ ወገቧን በገመድ አስሮ ውሃ ውስጥ እየለቀቀ ዋና አስለመዳት።

ፊልሙ ሴት ልጆቿ ዋና እንዲማሩ በማድረግ በኩል የእናትየዋን ድርሻ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሴት ልጆች ዋና ይማሩ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ኒው ዮርክን ያስለቀሰ አንድ አደጋ ነው። ጄኔራል ስሎከም የተባለች መርከብ ለቤተ ክርስቲያን ሽርሽር የወጡ ጀርመናውያን እናቶችንና ሕፃናትን እንደጫነች በእሳት ተያያዘች፤ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። የብስ ቅርብ ነበረ፤ ዋና የሚችል ግን ጥቂት ነበረ። ፊልሙ ይህ የሆነው ትሩዲ ልጅ ሳለች አስመስሎ ያቀርበዋል። አደጋው የደረሰው በሰኔ 1904፣ ትሩዲ ከመወለዷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ጊዜውን ያንቀሳቀሱት ምክንያቱንና ውጤቱን አንድ ቤት ውስጥ ለማሳየት ነው። እኔ ይቅር እላቸዋለሁ፤ የሐዘኑ እውነት አልተዛባምና። በጀርመናውያኑ ሰፈር ይህ አደጋ ለብዙ ዓመታት ከልብ የማይወጣ ቁስል ነበር።

ከእናትየዋ ቀጥሎ መነሣት ያለባት ሻርሎት ኤፕስታይን ናት። ኤፕስታይን ዋናተኛ ሆና አልታወቀችም፤ ሥራዋ ፍርድ ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። ይህች ሴት በ1917 በኒው ዮርክ የሴቶች የዋና ማኅበር አቋቋመች። ዘመኑን አስታውሱ። አሜሪካ በ1912 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ አንዲትም ሴት ዋናተኛ አላሰለፈችም። በ1919 የማኅበሩ አባል የነበረችው ኤተልዳ ብላይብትሬይ ኒው ዮርክ የባሕር ዳርቻ ላይ ለመዋኘት ረጅም ካልሲዋን ስላወለቀች ሕግ ተላልፈሻል ተባለች። እግር መታየቱ ነውር ነበረ። በማግስቱ ዓመት ግን ያቺው ብላይብትሬይ ከአንትወርፕ ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ያንን የሴቶች ቡድን ወደ አንትወርፕ እንዲሄድ የታገለችውና የመራችው ኤፕስታይን ናት።

እንግዲህ ትሩዲ የደረሰችው የተከፈተ በር ላይ ነው። በሩን ግን ሌሎች ሴቶች በትከሻቸው ገፍተው ነው የከፈቱት። ፊልሙ ካሉት መልካም ነገሮች አንዱ ይህንን አለመዝለሉ ነው።

በማኅበሩ ገንዳ ውስጥ ሉዊስ ሃንድሊ የተባለ አሰልጣኝ ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር። ለልጃገረዶቹ ያስያዛቸው እጆች እየተፈራረቁ ወደ ፊት የሚወረወሩበትን፣ ፊት ውሃ ውስጥ የሚቀበርበትን፣ እግር ሳያቋርጥ የሚመታበትን ዋና ነው። ክራውል ይባላል። የጊዜው ሊቃውንት ይህ ለአጭር ርቀት እንጂ ለረጅም ባሕር አይሆንም፣ ጉልበት ይጨርሳል ይሉ ነበር። በባሕር ላይ የታመነው የደረት ዋና ነበር። ትሩዲ ይህንን ግምት ነው የሰበረችው። አስቀድማ በ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ4 በ100 ሜትር ቅብብል ወርቅ፣ በ100 እና በ400 ሜትር ነጻ ዋና ነሐስ አገኘች። ዕድሜዋ 18 ነበር።

ከዚያ ባሕሩ ተከተለ። እስከዚያን ጊዜ ቻናሉን በዋና ያቋረጡት አምስት ወንዶች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ማቲው ዌብ በ1875 ሲሆን የወሰደበት 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ሴቶች ሞክረዋል፤ የተሳካላት ግን አልነበረችም።

ትሩዲ በነሐሴ 1925 ማኅበሩ ወጪዋን ችሎላት ወደ ባሕሩ ገባች። አሰልጣኟ ጄቤዝ ዎልፍ ነበር። ይህ ሰው ራሱ ባሕሩን ከ20 ጊዜ በላይ ሞክሮ አንድም ጊዜ አልሆነለትም። የባሕሩ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ዋናተኛውን ሰው ከነካው ሙከራው ይሰረዛል። ለሰዓታት ከዋኘች በኋላ ዎልፍ አጠገቧ የሚዋኘውን ሰው እንዲይዛት አዘዘው። ተያዘች፤ አበቃ። እሷ ፊቷን ውሃው ላይ አድርጋ ማረፏ እንጂ መድከሟ እንዳልነበር አስረግጣ ተናገረች።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። ፊልሙ ከዚህ ውድቀት እስከ ድሉ ያለውን ጊዜ በጣም ያሳጥረዋል። ወደ አገሯ ከሚመልሳት መርከብ በድብቅ ወጥታ ወዲያውኑ እንደገና እንደሞከረች አድርጎ ነው የሚያሳየው። ትዕይንቱ ልብ ያንጠለጥላል። በእውነቱ ግን በሁለቱ ሙከራዎች መካከል አንድ ዓመት ያህል አለ። ፊልሙ በዚህ ቦታ ላይ አጉድሏል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ድሉ የተሠራው በዚያ ዓመት ውስጥ ነው።

በዚያ ዓመት ምን ተደረገ? በመጀመሪያ አሰልጣኝ ተለወጠ። አዲሱ ቢል በርጀስ በ1911 ባሕሩን ያቋረጠ ሁለተኛው ሰው ነበር፤ እሱም ያለፈው ስንት ጊዜ ወድቆ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛ፣ ወጪውን የአሜሪካ ጋዜጦች ቻሉት። ሦስተኛውና እኔን ከሁሉ የሚነካኝ፣ ታላቅ እህቷ ሜግና እሷ ተቀምጠው ልብስና መነጽር መሥራታቸው ነው።

ይህን ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ሙከራ የለበሰችው ወጥ የዋና ልብስ ውሃ እየቋጠረ ይከብዳት፣ ቆዳዋንም ይልጣት ነበር። እህትማማቾቹ ሁለት ቦታ የተከፈለ ልብስ አዘጋጁ። መነጽሩ ደግሞ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ዓይነት ነበር፤ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ሻማ አቅልጠው ጠርዙን በሰሙ ደፈኑት። የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው መሣሪያ ይህ ነው፦ ማንም ቤት ውስጥ ያለ ሻማ። በሚቀጥለው ጊዜ ሴት ልጃችሁ ምንም የለኝም ስትላችሁ ይህንን ንገሯት።

ነሐሴ 6 ቀን 1926 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ትሩዲ ውሃው ውስጥ ገባች። ቅዝቃዜውን እንዲከላከል ገላዋ በወይራ ዘይት፣ በበግ ጸጉር ስብ፣ በአሳማ ስብና በቫዝሊን ተለውሶ ነበር። አልሳስ የምትባል ጎታች ጀልባ ትከተላታለች፤ በጀልባዋ ላይ አባቷ፣ እህቷ ሜግና በርጀስ አሉ። አባቷ ከተሳካልሽ ቀይ የስፖርት መኪና እገዛልሻለሁ ብሏት ነበር። እየዘፈኑ ያበረታቷታል፤ መረቅ ያቀብሏታል፤ እጇን ግን ማንም አይነካም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ በረታ፣ ማዕበሉ ተነሣ፣ ጀልባዋ ላይ ያሉት እንኳ ታመሙ። በርጀስ ከውሃው ትውጣ አለ። ጥሪው ሲደርሳት የመለሰችው በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፤ በእኛ ቋንቋ አንድ ይበቃዋል፦ ለምን? በዚያው ሰሞን አንድ የለንደን ጋዜጣ ሴቶች በአካል ብቃት ከወንድ እንደሚያንሱ አምኖ መቀበል እንደሚገባ ጽፎ ነበር። የእሷ ለምን ለጋዜጣውም መልስ ሆነ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ኪንግስዳውን በተባለው የእንግሊዝ ዳርቻ እግሯ መሬት ነካ። ሰዎች ዳርቻው ላይ እሳት አንድደው ይጠብቋት ነበር። ከዚያ ቀደም የነበረው ምርጥ ሰዓት የአርጀንቲናዊው ኤንሪኬ ቲራቦቺ 16 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነው። ትሩዲ ሁለት ሰዓት ያህል ቀንሳ ገባች። ከሴቶች የመጀመሪያዋ መሆኗ ብቻ አልነበረም፤ ከእሷ በፊት ካቋረጡት ሰዎች ሁሉ ነው የቀደመችው። በዚያው ክረምት ወንዶች ሰዓቷን አሻሻሉት። የሴቶቹን ግን እስከ 1950 የነካው አልነበረም።

ፊልሙ እነዚህን ሰዓቶች በሚገባ ሠርቷቸዋል። የጄሊፊሾቹ መንጋ ገላዋን ሲያቃጥል፣ ጀልባዋ ወደማትደርስበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ስትገባና በጨለማ ብቻዋን ስትቀር፣ ከዚያም ከሩቅ እሳቱ ብልጭ ሲል፣ ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። እህቷ ሜግን የሆነችው ቲልዳ ኮብሃም ሄርቪ በበኩሏ ከዋናዋ ተዋናይት የማያንስ ሥራ ሠርታለች። የራሷን የዋና ሕልም አጥታ ለእህቷ ድል የምትቆም ልጅ ዓይን ምን እንደሚመስል አሳይታናለች።

ከዚያ አቀባበሉ መጣ። ነሐሴ 27 ቀን ኒው ዮርክ ወጥቶ ተቀበላት። ከፎቆቹ መስኮት ቁርጥራጭ ወረቀት እንደ በረዶ ይወርድ ነበር፤ የወጣው ሕዝብ እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የአሜሪካ ምርጥ ልጅ ብሏት ነበር። የፊልሙ ትረካ የሚያበቃው እዚህ ደስታ ላይ ነው። ሰው እንባውን እየጠረገ ከአዳራሹ ይወጣል።

እኛ ግን ትንሽ እንቆይ።

በ1927 ትሩዲ ራሷን ሆና በአንድ የሆሊውድ ፊልም ላይ ታየች። ያ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ይህን ሳስበው ልቤ ይነካል፤ የመስማት ኃይሏ በየጊዜው እየራቃት ያለች ልጅ፣ ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ። በከተማ ከተማ እየዞረች በመድረክ ላይ በተዘጋጀ ገንዳ ዋኘች። የሕዝቡ ጩኸት፣ የጉዞው ድካም፣ የጆሮዋ መድከም ተደራርበው መንፈሷን ሰበሩት። በ1933 ደግሞ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና ጀርባዋ ክፉኛ ተጎዳ። ዓመታት በጄሶ ታስራ ቆየች። እንደገና መራመዷ ያጠራጥር ነበር። እሷ ግን በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በተዘጋጀው የውሃ ትርኢት እንደገና ዋኘች። ለእኔ ይህ ከቻናሉ የማይተናነስ ድል ነው። እዚያ ግን የተበተነ ወረቀት አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የአውሮፕላን መሣሪያዎችን በመፈተሽ ሠራች። መስማቷም እያደር ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስሙ፤ የዛሬ አመጣጤ ለዚህ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሌክሲንግተን በተባለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የዋና ስፖርት አስተማሪ ሆነች።

ይህን ዝም ብላችሁ አስቡት። ሐኪሞች ውሃ ጆሮሽን ይወስዳል ብለዋት ነበር። ጆሮዋ ሄደ። እሷ ውሃውን ጠላት አላደረገችውም፤ ጆሯቸው እንደ እሷ የሆነ ልጆችን እጅ ይዛ ወደዚያው ውሃ አስገባቻቸው። ውሃ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ጭንቅላታችንን ስንዘፍቅ የላይኛው ዓለም ድምፅ ለሁላችንም ይደበዝዛል። አባቷ በገመድ አስሮ ያስያዛትን ዕውቀት እሷ ለማንም ልጅ ሳይሆን ለእነዚህ ልጆች አወረሰች። አላገባችም። ኑሮዋ ጸጥ ያለ ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2003 ኒው ጀርሲ ውስጥ በ98 ዓመቷ አረፈች።

ውድ ታዳሚዎች፣ የስፖርተኛ ሕይወት በፊልም ሲሠራ አቀባበሉ ላይ የማብቃት ልማድ አለ። እኛም ይህን እናውቀዋለን። ዲዝኒ በ1999 የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት «ኢንዱራንስ» በሚል ፊልም አቅርቦት ነበር፤ ኃይሌም እንደ ትሩዲ ራሱን ሆኖ ተውኗል። ያ ፊልም የሚያመራውም ወደ አትላንታው የ1996 የ10,000 ሜትር ወርቅ ነው። ድል ጥሩ ማብቂያ ነው፤ ተመልካች ቀና ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ሕይወት ግን ሜዳሊያው አንገት ላይ ሲጠለቅ አታልቅም። ጉዳት ይመጣል፣ መረሳት ይመጣል፣ ዕድሜ ይመጣል። ጀግና ከእነዚህ ጋር እንዴት እንደኖረ ያልነገርነው ልጅ፣ እሱም የራሱ መውደቂያ ቀን ሲመጣ ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። «ወጣቷ ሴትና ባሕሩ» መልካም ፊልም ነው። ባሕሩን አሳይቷል፣ እህትማማችነትን አሳይቷል፣ በር የከፈቱትን ሴቶች አልረሳም። የጎደለው ትሩዲን 20 ዓመት ገደማ ላይ ትቷት መሄዱ ነው። አሮጊቷ ትሩዲ፣ ገንዳው ዳር ቆማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምረው ትሩዲ፣ ገና ፊልም ሠሪዋን ትጠብቃለች።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊልም የምትማሩ፣ የምትጽፉ፣ ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች አላችሁ። አደራ የምላችሁ ለእናንተ ነው። በየሰፈራችሁ ድሮ የሮጡ፣ የተጫወቱ፣ ለአገር የተሰለፉ እናቶችና አባቶች አሉ። ሳይረፍድ ሂዱ፤ ቡናቸውን ጠጡ። ያሸነፉበትን ቀን ሁሉም ጠይቋቸዋል። እናንተ ያልተጠየቁትን ጠይቋቸው፦ በአቀባበሉ ማግስት፣ ጠዋት ስትነሡ፣ ሕይወት ከየት ጀመረ? መልሱን መዝግቡት። እዚያ ውስጥ ፊልም አለ።